ለቁራጭ የሚሆን ወለል

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲዋሽ ሰምቼዋለሁ ብዬ ሰባት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬአለሁ። የዋሸውም ለኔ ብሎ ነው ብዬ። የነገሩ መነሻ አንዲት እንሽላሊት ናት። በትክክል ለመናገር ደግሞ እንሽላሊቷ ሳትሆን የምትተኛበት ወለል ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ አብደላ በየአዳዲሱ ቤት ወለል ላይ ሴራሚክ ያነጥፋል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ምሳ ዕቃውን እንደ ወትሮው ለእናቴ ሳይሆን ለኔ ሰጠኝና «ቀስ ብለሽ ክፈቺው» አለኝ። ስከፍተው ጭራዋ ከግማሽ የተቆረጠ፣ ጣት የምታክል ቡናማ እንሽላሊት ጥጓን ይዛ ታየኛለች። ከሴራሚክ ካርቶን ውስጥ ነው ያገኛት። ስሟንም «ቁራጭ» ያለው እሱ ነው፤ ከሴራሚክ ተቆርጦ የሚተርፈውን እንደዚያ ነው የሚሉት። እናቴ ዙቤዳ ያን ምሳ ዕቃ ከዚያ ቀን በኋላ በእጇ አልነካችውም። ለአባቴ ሌላ ተገዛለት።

ቤቷ ከሰፈሩ ሱቅ የተጣለ የመስታወት ሣጥን ነበር፣ ዳቦ ይደረደርበት የነበረ። ችግሩ ከሥሩ ምን እናንጥፍ የሚለው ነው። መጀመሪያ ጋዜጣ አነጠፍንላት፤ በሁለት ቀን ረጥቦ ሸተተ። ከአናጺው ሰጋቱራ አመጣሁ፤ ዝንብ ስትይዝ ሰጋቱራውም አብሮ አፏ ውስጥ እየገባ ስትታነቅ አየኋት። አሸዋ ደግሞ እናቴ «ወይ አሸዋው ወይ እኔ» አለች። የፕላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭም ሞከርን፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ለኛም አልተቻለ። በመስታወቱ ላይ ስትሆን ደግሞ እግሮቿ እየተንሸራተቱ በሆዷ ትተኛለች፣ ያን ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር።

ሌላ አባት ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። የኔ ግን ሣጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ «ወለል ቀልድ አይደለም» አለኝ። «ቅዳሜ አብረን ሥራ ቦታ እንሂድ። ያነጠፍኩትን ሁሉ በባዶ እግርሽ እየሄድሽ ታይላታለሽ። የሚይዝሽ ቦታ ካለ ትነግሪኛለሽ።»

እዚህ ላይ የአባቴን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ሠራተኞች ስፓጎ ይወጥራሉ፣ ውሃ ልክ ያስቀምጣሉ፣ ትክክል ከሆነ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። እሱ ያን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ በባዶ እግሩ ይሄድበታል። የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ ዓይን አያገኘውም፤ የሱ እግር ግን ያገኘዋል። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉ ፎርማኖች ዘንድ ስሙ የታወቀው በዚህ ነው። «አብደላ ረግጦታል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ረግጦታል ከተባለ ሌላ ሰው ዳግመኛ አይመረምረውም።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አስታውሳታለሁ። መስኮት ያልተገጠመለት ቤት ነው፤ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ስናገር ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። ሴራሚኩ ከመቀዝቀዙ የተነሣ መጀመሪያ ተረከዜን፣ ቀጥሎ ጥርሴን ነው የተሰማኝ። አባቴ ጠመኔ ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። ጫማውን ግን አላወለቀም።

«አንተስ አትረግጥም?» አልኩት።

«የኔ እግር ትልቅ ነው። ለእንሽላሊት የሚቀርበው ያንቺ ነው» አለኝ።

አመንኩት። እንዲያውም ኮራሁ። «እዚህ ይዞኛል» ስለው በጠመኔ ያከብበዋል፤ በኋላ ነቅሎ እንደገና ያስተካክለዋል። እኔ የሚያስተካክለው ቁራጭ እንዳትጎዳ ብሎ ነው የሚመስለኝ። እንዲህ ስንል አራት አምስት ቅዳሜ አለፈ። አንዱ በጣም ያንሸራትታል፣ አንዱ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ቀለሙ ለሷ አይሆንም እያልኩ ስመልስ፣ አባቴ «አትቸኩዪ፣ ገና ብዙ ወለል አለ» ይለኝ ነበር። የዚያን ያህል ለአንዲት እንሽላሊት የሚጨነቅ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ሄጄም አውርቼበታለሁ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሆነ ድብቅ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ማታ ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ እናቴ የአባቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባትሪ እያበራች በየጣቶቹ መሐል ትፈልጋለች። እኔ የሴራሚክ ስባሪ የምታወጣለት ይመስለኛል። አንድ ቀን ደግሞ ከመስጊድ ሲመለስ በአንድ እግሩ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ፤ ሌላው የት ወልቆ እንደቀረ አያውቅም። ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

አንድ ምሽት የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ ስሰማቸው እንዲህ ይባባላሉ።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?» አለች እናቴ።

«ይቺን የአየር ጤናዋን ልጨርስና።»

«አንድ ቀን ያዩታል። ያኔ ይብሳል። ቀድመህ ራስህ ንገራቸው።»

«ከነገርኳቸው ማን ያስጠጋኛል ዙቤዳ?»

እኔ ወሬው ስለ ቁራጭ ነው ብዬ ደመደምኩ። እትዬ በላይነሽ ደረቱን እየሳበ የሚሄድ ፍጥረት ሁሉ ያስጮኻቸዋል። እንሽላሊት እንዳለን ካወቁ ከቤት ሊያስወጡን ነው፣ ማንም አያስጠጋንም፣ አባቴም ያን ፈርቶ ነው አልኩ። በማግሥቱ የመስታወቱን ሣጥን ወደ አልጋው ሥር አስገብቼ በእናቴ አሮጌ ሻሽ ሸፈንኩት። ምሥጢሩን በመጠበቅ ያገዝኩት መስሎኝ ነበር።

ስኳር የሚለው ቃልም በዚያ ሰሞን ደጋግሞ ሳይነሣ አይቀርም። ዛሬ ሳስበው እርግጠኛ ነኝ። ግን ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚይዘው፤ የኔ ጆሮ ደግሞ እንሽላሊት እንጂ ሌላ አይፈልግም ነበር።

የአየር ጤናው ሥራ የወይዘሮ ሰርኬ ቤት ነው። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከታች እስከ ላይ ሴራሚክ። ፎርማኑ ጋሽ ወልደ አማኑኤል ይባላሉ፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ከአባቴ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ቤት ለባለቤቱ በሚያስረክቡበት ቀን የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው አባቴ የረገጠውን ወለል አንድ ጊዜ ይሄዱበታል። «ለመመርመር አይደለም፣ ለበረከት ነው» ይላሉ።

ርክክቡ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ልንረግጠው ሄድን። ያን ቀን ቁራጭን በጫማ ካርቶን ይዣት ሄጃለሁ፤ እስከ መቼ እኔ እመርጥላታለሁ፣ ራሷ ትምረጥ ብዬ። ሳሎኑን ጨረስን፣ መኝታ ቤቶቹን ጨረስን፤ ሁለት ቦታ ብቻ ያዘኝ፣ አከበበው። አባቴ እነሱን ሲያስተካክል እኔ ኮሪደሩ ላይ ለቀቅኳት።

ሴራሚኩ መስታወት ነው። አራቱም እግሮቿ ባሉበት ይሮጣሉ፣ እሷ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። በጣቴ እየገፋሁ ወደ ኩሽናው በር አደረስኳት። በሩ አጠገብ ስትደርስ የሆነ ነገር ያዘች። የፊት እግሮቿን ጠርዝ ላይ ሰቅላ፣ ደረቷን አንሥታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ቆመች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ስትቆም ያየኋት ያኔ ነው። ደስ አለኝ። ካርቶኗ ውስጥ መለስኳትና እኔም ረገጥኩት። ከሌሎቹ ከፍ ያለ ጠርዝ ነው፤ አውራ ጣቴን በደንብ ያዘኝ።

ይሄኔ አሰብኩ። ለአባቴ ብነግረው ያከብበዋል፤ ካከበበው ይነቅለዋል፣ ያስተካክለዋል። ቁራጭ የመረጠችው ደግሞ ያንኑ የሚይዘውን ነው። ዛሬ ዝም ልበል፣ ነገ ሰዎቹ ሲሄዱ እነግረዋለሁ፣ ያቺን አንዷን ሴራሚክ ከነጠርዟ ነቅሎ ይሰጠኛል አልኩ። የሰው ቤት ወለል ተነቅሎ እንደማይወሰድ አልገባኝም ነበር። ስንት ቅዳሜ ስንመርጥ ከርመን ምን ልንወስድ ነበር ታዲያ?

አባቴ ጠመኔውን ይዞ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሟል።

«እዚያ ጋስ ዊዳዴ?» አለኝ፤ ሲያቆላምጠኝ እንደዚያ ነው የሚለኝ።

«ልሙጥ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልሙጥ ነው አልኩህ።»

ትንሽ ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ ጠመኔውን ኪሱ ከተተና «በይ ጫማሽን አድርጊ፣ ብርድ መታሽ» አለኝ።

እሁድ ወይዘሮ ሰርኬ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ጋሽ ወልደ አማኑኤልም መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ካልሲያቸውን አጥፈው ጫማቸው ውስጥ ሲከቱ ትዝ ይለኛል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ ነጠላ ጫማዬን እንደ እሳቸው አውልቄ፣ ሰዎቹ ቶሎ የሚሄዱበትን እጠብቃለሁ። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ለወይዘሮ ሰርኬ ስለ መብራቱና ስለ ባኞ ቤቱ እያወሩ ሳሎኑን ዞሩ፣ ኮሪደሩን ያዙ፣ ወደ ኩሽናው ሲደርሱ ግን ጠርዙ እግራቸውን ያዛቸውና ወደ ፊት ተንገዳግደው ግድግዳውን በእጃቸው ያዙ።

ዝቅ አሉና ጠርዙን በጥፍራቸው ሄዱበት። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግመው።

«አብደላ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የታመመ ሰው የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

«ገና ሳልገባበት እንዲህ ከሆነ ሌላውስ?» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ።

አፌን ልከፍት ነበር። «እኔ ነኝ» ልል። አባቴ ቀደመኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ። ቆዳው የነጣ፣ የተሰነጣጠቀ እግር ነው፤ ተረከዙ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እግሬ ደንዝዟል ጋሼ» አለ። «ከክረምት ወዲህ እሳት ብረግጥ አይሰማኝም። ደብቄዎት ነው።»

እግሩን አየሁት። አምስት ጣት አለው፣ ትናንት ከቤት እስከ ታክሲው አብረን ሄደንበታል። እንዴት ነው የሚደነዝዘው? አባቴ እየዋሸ ነው አልኩ በልቤ። «ልጄ አሳስታኝ ነው» ማለት አቅቶት፣ ለኔ ብሎ፣ በሰው ፊት እየዋሸ ነው። ያ ሰው ለታክሲ ረዳት እንኳ ዋሽቶ አያውቅም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚረግጠው?» አሉ ጋሽ ወልደ አማኑኤል።

አባቴ ካልሲውን አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። እሳቸው ቀና ብለው ክፍሉን ሲቃኙ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ባዶ እግሬ ላይ። አንዱን እግሬን በሌላው ሸፈንኩ። ውሸቴን ያወቁብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ያወቁት ሌላ ነገር ነበር፤ ይሄ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ብዙ ሳይናገሩ አባቴ አጠገብ ተቀመጡና «በል ጫማህን አድርግ፣ ይበርዳል» አሉት።

ከዚያ እሁድ በኋላ አባቴ ቤት ዋለ። ጋሽ ወልደ አማኑኤል ረቡዕ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ፤ እናቴ አመስግና ተቀብላ፣ ሲሄዱ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለችው። ለምን ለኛ እንደማይሆን አልጠየቅኩም። ከሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ ስለ ብርቱካን ለመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

በዚያው ሳምንት ለቁራጭ ወለል ሠራላት። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ የተረፉ ሴራሚኮች ደርድሮ፣ አንዷን አገላበጣትና ቆም አለ። የሴራሚክ ጀርባ አይወለወልም፤ ሲሚንቶ እንዲይዘው ብሎ ፋብሪካው ሻካራ አድርጎ በመስመር በመስመር ይተወዋል። «ጀርባው ነው ለሷ የሚሆነው» አለ። ለክቶ ቆረጠ፣ በጀርባቸው አነጠፋቸው፣ መገጣጠሚያውን ነጭ ሲሚንቶ በውሃ አሽቶ ሞላው። ለዚያች ክንድ ለማትሞላ ቦታ ስፓጎ ወጠረ፣ ውሃ ልክ አስቀመጠ። ሲጨርስ «ንኪው» አለኝ። በጣቴ ጫፍ ዳርና ዳሩን ሄድኩበት። «አይይዝም» አልኩት፤ ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ቁራጭን ስንለቃት ሳትንሸራተት ሄደች። አባቴ ፈገግ ብሎ ሲያያት ያን የኮሪደሩን ልንገረው ብዬ ተነሣሁ፣ ግን ፈራሁ።

በዚያ ዓመት ረመዳን እስከ እኩለ ቀን ጾምኩ። የጾምኩት የአባቴ ውሸት እንዲሰረይለት ነው። እናቴ ልጄ ዲን ያዘች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ጋሽ ወልደ አማኑኤል በኋላ የሥራ ቦታ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አድርገው አስገቡት። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎች የሚያነጥፉትን ሴራሚክ ያስረክባል። ደኅና ሥራ ነው፣ አልጎደለብንም። ነገር ግን «አብደላ ረግጦታል?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ፣ ወጣት ሠራተኞች ውሃ ልካቸውን አንሥተው ሲወጡ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን ሲያይ አገኘሁት። አይቶ አይቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ አሟት ስለነበር አባቴን ለስኳር ክትትሉ ጤና ጣቢያ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ጫማውን አስወለቀችው፤ ጫማውን እኔ ያዝኩት። ቀጭን የናይለን ክር አውጥታ መርገጫውን ነካ ነካ ታደርገዋለች። ከተረከዙ ጀምራ እስከ ጣቶቹ፣ አሥር ቦታ ያህል። እሱ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል።

«አባ፣ ተሰማዎት?» አለችው።

«ጀመርሽ እንዴ?» አላት።

ጫማውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አልዋሸም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ይቅር እንዲባልለት የለመንኩለት ውሸት የሕይወቱ ከባድ እውነት ኖሯል፤ ያን እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ያወጣው። አባቴ የዋሸው አንድ ውሸት ሌላ ነው። «የኔ እግር ትልቅ ነው፣ ለእንሽላሊት የሚቀርበው ያንቺ ነው» ያለው። እሱንም የዋሸው ለኔ ነው፤ እኔ ደግሞ በኩራት ተቀብዬዋለሁ።

የአባቴ ውሸት ተነሣ፣ የኔ ግን ባለበት ቀረ። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የእናቴ ዓይን ስለደከመ በየቀኑ እግሩን የማየው እኔ ነኝ፣ ጥፍሩንም የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ የቀኝ እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥፍሩን እየቆረጥኩ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«አባ፣ ያን የወይዘሮ ሰርኬን ኮሪደር ታስታውሰዋለህ? ጠርዙን አግኝቼው ነበር። ልሙጥ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

ጥፍር መቁረጫውን አስቀመጥኩ። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ስትረግጪው ጣትሽ እጥፍ ሲል አየሁት። የደነዘዘው እግሬ ነው ልጄ፣ ዓይኔ መቼ ታመመ?»

ሊያሾፍብኝ የፈለገ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አያሾፍም።

«ታዲያ ለምን አልነቀልከውም? ጋሽ ወልደ አማኑኤል በነጋታው እንደሚረግጡት ታውቅ የለ እንዴ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያስ?»

ሰፈሩን ያያል፣ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ያያል። የሚመልስልኝ አልመሰለኝም ነበር።

«አንቺን በዚያ ብርድ ላይ ይዤ መዞር ሰለቸኝ» አለ። «መንገር ደግሞ አቃተኝ። ደክሞኝ ነበር ልጄ።»

ቀኙን ጨርሼ ነበር። ፊቱን ወደ አጥሩ እንዳዞረ የግራ እግሩን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ በሁለት እጄም ያዝኩት። ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ እንደያዝኩት አላወቀም።